ዲሬክተሩ በሌለበት ቀን

(ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተሮች የአመራር ስልት፣ በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው መምህር ለመሆን የምንማር አምስት ተማሪዎች ነን። የሚያነብላችሁ አንዱ ይሁን እንጂ ሐሳቡ የአምስታችንም ነው፤ ስሕተት ቢገኝበትም አምስታችንም እንወቀስበታለን።

የምንናገረው ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተሮች ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ከዲሬክተር እጅ አምልጠን እዚህ ከደረስን በኋላ ደግሞ ስለ ዲሬክተር ምን ያስወራናል?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ለሚለው ሰው ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ሁሉ አንድ ዲሬክተር በሚመራው ግቢ ውስጥ ዓመታት አሳልፈን የመጣን ነን፤ ያ ሰው በእኛ ላይ ያሳደረው ነገር ከእኛ ጋር እዚህ ድረስ መጥቷል። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ በቅርቡ መምህር ሆነው ወደየአገሩ ይበተናሉ። ጥቂት ዓመት ሳይቆዩም ከእነርሱ አንዳንዶቹ «ከነገ ጀምሮ ዲሬክተር ነህ» ወይም «ዲሬክተር ነሽ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ያን ቀን ለማሰብ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ዛሬ ጊዜ ሳለን እናስብበት።

እስቲ እያንዳንዳችሁ የሁለተኛ ደረጃ ዲሬክተራችሁን አስታውሱ። አስቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? የሰልፍ ላይ ድምፃቸው ነውን? የቍልፎቻቸው ኳኳታ ነውን? ወይስ ከእሳቸው የተማራችሁት ነገር አለ? እኛ አምስታችን ይህን ጥያቄ እርስ በርሳችን ተጠያይቀን ነበር። አራታችን ያስታወስነው ድምፅና ቅጣት ሲሆን፣ ትምህርት ያስታወሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህን ንግግር ያስጻፈንም ያ መልስ ነው።

የዲሬክተርነት ሥራ ወደ አገራችን የገባው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የመሩት ሐና ሳሊብ የተባሉ ግብፃዊ ነበሩ፤ አብረዋቸው የመጡት መምህራንም ከግብፅ ቅብጦች ወገን ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጣልያን ወረራ በኋላም ይህንኑ ትምህርት ቤት የካናዳ ኢየሱሳውያን ሲመሩት፣ ከእነርሱ አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ለጀመረው ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1938 ዓ.ም. የተከፈተውን የጄኔራል ዊንጌትን ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዞች መሩት። ስለዚህ በታወቁት ትምህርት ቤቶች ዲሬክተር ማለት ለብዙ ዘመን ከውጭ የመጣ፣ ቢሮ ያለው፣ ደወል የሚያስደውልና ደብዳቤ የሚፈርም ሰው ማለት ነበር።

ነገር ግን ከዚያ በፊት ትምህርት ያለ መሪ አልነበረም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የኔታ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የኔታ ቢሮ የላቸውም። ተማሪው ሲያነብ ከፊቱ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ሲሳሳት ያርማሉ። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ለማኅሌት ቢሄዱ ንባቡ አይቋረጥም። የኔታ አለንጋም እንደ ነበራቸው አንክድም፤ አለንጋው እንዲመለስም አንመኝም። ሆኖም ስለ የኔታ ሰው ሲጠይቅ «ምን ያስተዳድራሉ?» አይልም፤ «ምን ያስተምራሉ?» ይላል እንጂ። ዛሬ በመንግሥት ቋንቋ ዲሬክተር መባሉ እየቀረ ርእሰ መምህር ተብሏል። ቃሉን ልብ ብሎ ለተመለከተው የመምህራን ራስ ማለት ነው፤ ራስም ከአካሉ ተለይቶ አይቆምም። ስሙ እንግዲህ ተሻሽሏል፤ ሥራው ስሙን ይከተል እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ስለ አመራር ስልት ሊቃውንት ካደረጉት ጥናት አንዱን እናንሣ። ኩርት ለዊን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በትውልዱ ይሁዲ ስለ ነበረ እ.ኤ.አ. በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከጀርመን ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያም በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከሊፒትና ከዋይት ጋር ሆኖ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1939 ታትሞ ወጣ። የዐሥር ዓመት ልጆችን አምስት አምስት እያደረጉ በአራት ማኅበር ከፈሏቸው፤ የእጅ ሥራም ሰጧቸው። በየማኅበሩ ላይ አንድ ትልቅ ሰው መሪ ሆኖ ተመደበ። አንዱ ዐይነት መሪ ሁሉን ራሱ ይወስናል፤ ልጆቹ የሚቀጥለውን ሥራ እንኳ አስቀድመው አያውቁም። ሁለተኛው ዐይነት ከልጆቹ ጋር ይመክራል፤ መንገዱን ያሳያል፤ ሲያመሰግንም ሲነቅፍም ምክንያቱን ይናገራል። ሦስተኛው ዐይነት ዕቃውን አቅርቦ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ካልጠየቁት አይናገርም። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ልጆቹ አንዱን ስልት ከሌላው ጋር እንዲያነጻጽሩ መሪዎቹ ይቀያየራሉ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በአዛዡ መሪ ፊት ልጆቹ ሥራ አልፈቱም፤ እንዲያውም አብዝተው ሠርተዋል። ይህ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም አዛዥነት የሚወደድበት ምክንያት ይኸው ነውና። ነገር ግን ያ መሪ ከክፍሉ ወጣ ሲል ሥራው ወዲያው ወደቀ። ልጆቹም ወይ እርስ በርሳቸው ተጣሉ፣ ወይ ፈዘው ተቀመጡ። በሚመክረው መሪ ሥር የነበሩት ግን መሪው ሲወጣ ከቀድሞው እምብዛም ሳይቀንሱ ሥራቸውን ቀጠሉ። በዝምተኛው ሥር የነበሩት መሪው ሳለ ብዙ አልሠሩም። የትኛውን እንደሚመርጡ ሲጠየቁም ከሃያው ልጆች ዐሥራ ዘጠኙ ከአዛዡ ይልቅ የሚመክረውን መረጡ።

እኛ ከዚህ ጥናት የወሰድነው አንድ መመዘኛ ነው። የመሪ ስልት የሚታወቀው መሪው በሌለበት ጊዜ ነው። ዲሬክተር በግቢው መካከል ቆሞ ሳለ ግቢው ጸጥ ቢል ጸጥታው ስለ ዲሬክተሩ እንጂ ስለ ትምህርቱ ምንም አይነግረንም።

ይህን መመዘኛ ይዘን ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ በሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበን ያየነውን እንንገራችሁ። የትምህርት ቤቶቹንም የሰዎቹንም ስም አንጠራም፤ ዓላማችን ማንንም ማሳጣት አይደለምና።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከሩቅ ሲያዩት የሚያስቀና ነበር። ልክ 2 ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። የዘገየ ተማሪ በአጥሩ ጥግ ይንበረከካል፤ የዘገየ መምህርም በፊርማ መዝገቡ ላይ በቀይ ይሰመርበታል። ዲሬክተሩ የሥራ ሰው ነበሩ፤ ይህን ሳንል ብናልፍ ሐሰተኞች እንሆናለን። ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፤ ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ። የመንግሥት ገንዘብ አላጐደሉም። ነገር ግን የቤተ ሙከራው ቍልፍ፣ የመጻሕፍቱ መጋዘን ቍልፍ፣ የማባዣ መኪናው ክፍል ቍልፍ ሁሉም በአንድ ቀለበት ታስሮ በእሳቸው ኪስ ነበር። ከመካከላችን ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ጓደኛችን ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሆን የሊትመስ ወረቀት ለማግኘት አራት ቀን ደጅ ጠንቷል።

የመምህራን ስብሰባም አየን። ዲሬክተሩ ከበላይ የተላለፈውን መመሪያ አንብበው ሲጨርሱ «አስተያየት ያለው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አርባ ያህል መምህር አንገቱን ይደፋል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት በዚያ ቤት ሕግ ሆኖ ነበር። በቃለ ጉባኤውም ላይ «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ተብሎ ይጻፋል። ከስብሰባው በኋላ ሻይ ቤት ስንገናኝ ግን አስተያየት የሌለው መምህር አልነበረም።

አንድ ሰሞን ዲሬክተሩ ለስብሰባ ወደ ዞኑ ከተማ ተጠርተው ሦስት ቀን ቆዩ። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉ ዘገየ። በሁለተኛው ቀን እኛ ካለንበት ሕንፃ ስድስት ክፍሎች መምህር የገባባቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ከዕረፍት በኋላ በግቢው ውስጥ የቀረነው እኛ፣ ዘበኛውና ጥቂት ተማሪዎች ነበርን። ዘበኛውን «አባባ፣ ምን ተፈጥሮ ነው?» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ ሰውየው ሄዱ እኮ» አሉን። ትምህርት ቤቱ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበርና ሰውየው ሲሄዱ አብሮ ሄደ።

በሁለተኛው ትምህርት ቤት የነበሩት ዲሬክተር ደግ ሰው ነበሩ። መምህሩም ተማሪውም «ጋሼ» ይላቸዋል። ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ ይፈቀድለታል፤ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ሁለቱንም «ልክ ነህ» ይላሉ። «እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ናችሁ፤ ራሳችሁ ታውቃላችሁ» የዘወትር ቃላቸው ነበር። በመጀመሪያ ደስ አለን፤ ነጻነት መሰለን። በሁለተኛው ወር ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ከ11ኛ ክፍል ምድቦች አንዱ ከመስከረም ጀምሮ ፊዚክስ አልተማረም። አንደኛው መምህር ክፍሉ የባልደረባው ይመስለዋል፤ ባልደረባው ደግሞ የእርሱ አለመሆኑን በእርግጥ ያውቃል። ነገሩ ለጋሼ ተነግሯቸው «ተነጋገሩና ጨርሱት» ብለው ነበር። መምህራኑ አልተነጋገሩም፤ ነገሩም አላለቀም።

በዚያ ምድብ ወላጆቻቸው ገንዘብ ላላቸው ልጆች አስጠኚ ተቀጠረላቸው። እናቷ እንጀራ እየሸጠች የምታስተምራት አንዲት ልጅ ግን ደብተሯን ስታሳየን፣ ከላይ «ፊዚክስ» ተብሎ በጥሩ ጽሕፈት ተጽፎ ገጹ ነጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ልቅ አመራር ያለን አስተያየት ተለወጠ። አዛዡ ዲሬክተር ሁሉን በእኩል ያስፈራል፤ ልቅ የሆነው ግን ሳያውቀው የሚጐዳው ድኻውን መርጦ ነው። ዲሬክተሩ ለመምህሩ ደግ ሲሆኑ ዋጋውን የከፈለችው ያች ልጅ ናት።

ሦስተኛው ትምህርት ቤት ግድግዳው የተላጠ፣ ተማሪው ከወንበሩ የበዛ ነበር። ዲሬክተሯ ሴት ነበሩ፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች «እትዬ» ይሏቸዋል። የባዮሎጂ መምህርት የነበሩ ሲሆን ዲሬክተር ከሆኑም በኋላ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ 9ኛ ክፍልን ያስተምሩ ነበር። «ይህን ሁሉ ሥራ ይዘው ለምን ይደክማሉ?» ብንላቸው፣ «ጠመኔ ካልያዝኩ መምህሩ ችግሩን ሲነግረኝ እውነቱን ከሰበቡ መለየት ያቅተኛል» አሉን።

በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ደብተር ይዘው ወደ ሌላ መምህር ክፍል ይገቡና ከኋላ ይቀመጣሉ። ይህን ስንሰማ ደነገጥን፤ ሊሰልሉን የሚመጡ መሰለን። ከመካከላችን አንዲቱ ሒሳብ ስታስተምር ገብተው እስኪያልቅ ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ጠርተው ያሏት ይህ ነው፤ «ልጄ፣ ጥያቄ ትጠይቂያቸዋለሽ፤ መልሱን ግን አትጠብቂም፤ ራስሽ ትመልሽዋለሽ። ነገ ከጠየቅሽ በኋላ በልብሽ አምስት ድረስ ቍጠሪ። ከዚያ ደግሞ የእኔ ክፍል ገብተሽ እይና የእኔን ስሕተት ንገሪኝ።» ጓደኛችን በማግስቱ አምስት ድረስ ቈጠረች። በሦስተኛው ላይ፣ ከወር በላይ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ልጅ እጁን አወጣ።

ይሁንና እትዬ ሁሉን ነገር በድምፅ ብልጫ አላስወሰኑም። የክፍል ድልድሉንና የጊዜ ሰሌዳውን መምህራኑ ተነጋግረው ያወጣሉ፤ እሳቸው ይፈርሙበታል። ነገር ግን አንድ መምህር የፈተና ጥያቄ ለጥቂት ተማሪዎች አሳይቶ ሲገኝ ስብሰባ አልጠሩም። ፈተናው በዚያው ቀን ተሰርዞ ሌላ ወጣ፤ የመምህሩም ጕዳይ ለሚመለከተው በጽሑፍ ተላለፈ። ጊዜው ካስፈለገ ማዘዝንም ያውቁ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፖል ሄርሲና ኬን ብላንቻርድ የተባሉ አሜሪካውያን፣ ጥሩ መሪ እንደ ሰዉና እንደ ሥራው ስልቱን ይለዋውጣል ብለው የጻፉት ይህንኑ ይመስለናል።

ለዚህ ሁሉ ዋጋ ከፍለዋል። ስብሰባቸው ይረዝማል፤ «ራሷ ብትወስነው አይሻልም?» የሚል መምህርም ነበር። ክፍል ሲገቡ ቅጽ ሳይሞላ ይቀራል። ሪፖርት በማዘግየታቸውም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ቍልፍ በኪሳቸው የነበሩት የመጀመሪያው ዲሬክተር ግን ሪፖርታቸው በጊዜው ስለሚደርስ የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎላቸው በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተናል።

በኅዳር ወር እትዬ ታመው ሁለት ሳምንት ተኙ። ደወሉ በሰዓቱ ተደወለ። የቤተ ሙከራው ቍልፍ ከትምህርት ክፍሉ ኀላፊ ዘንድ ስለ ነበረ ሙከራው አልቀረም። ተማሪዎቹ እንደ ወትሮው ረበሹ፤ ሁለት መምህራንም ቀሩ፤ ግን የክፍል አለቆቹ ወዲያው ለምክትሏ ነግረው ሌላ መምህር ገባ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የእትዬ ስም ሲነሣ የሰማነው «ተሽሏቸው ይሆን?» ለማለት ብቻ ነበር።

ክቡራን ሆይ፤ ሦስት ትምህርት ቤት አይቶ ስለ አገር መፍረድ እንደማይገባ እናውቃለን። ስለዚህ ሰፊ የሆነ ጥናት እንጥቀስ። የኒውዚላንዷ ሊቅ ቪቪያን ሮቢንሰንና ሁለት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጽሑፍ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 27 ጥናቶችን አነጻጸሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ የሚወደሰው፣ ጄምስ በርንዝ እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው መጽሐፍ የታወቀው፣ በራእይና በቅስቀሳ ሰውን የሚያነቃቃው የአመራር ዐይነት ነበር። ሮቢንሰን ያገኙት ግን ወደ ማስተማሩ ሥራ የገባ መሪ በተማሪው ውጤት ላይ ያለው ኀይል ከዚያኛው ሦስትና አራት እጥፍ እንደሚበልጥ ነው። ከመሪው ተግባሮች መካከልም ከፍተኛውን ውጤት ያሳየው የመምህራንን መማር ማበረታታትና ከእነርሱ ጋር አብሮ መማር ሆኖ ተገኘ። አብሮ መማር የሚለውን ልብ በሉልን። መምህራንን ወደ ሥልጠና ልኮ ቢሮ መቀመጥ አይበቃም ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ቍጥር እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትንና ኵረጃን ለማስቀረት ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም 3.3 በመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 27,267፣ ማለትም 3.2 በመቶ ሆነ። በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ከዚያ ወዲህ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል።

ይህን ሁሉ በዲሬክተሮች ላይ ብናላክክ ግፍ እንሠራለን። ጦርነት የዘጋቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ መጽሐፍ የሌላቸው አሉ፤ ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው መምህር አለ። ነገር ግን የኩርት ለዊን ልጆች ትዝ ይበሏችሁ። መሪው ከክፍሉ ሲወጣ የታየው ነገር፣ የሚረዳውና የሚያስኰርጀው ከፈተናው ክፍል ሲወጣ በአገር መጠን ታየ። ለብዙ ዓመት «ትምህርት እየተሰጠ ነው» እየተባለ ሲጻፍ የነበረው ሪፖርት በዚያን ቀን ብቻውን ቀረ። በእነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች ሰልፍ አልነበረምን? የፊርማ መዝገብ አልነበረምን? ቃለ ጉባኤ አልተጻፈምን? ይህ ሁሉ ነበር ብለን እናምናለን። ልንጠይቅ የሚገባን ዲሬክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል ገብቶ ከኋላ የተቀመጠው መቼ ነው የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ ለዲሬክተሮች አንድ ጥብቅና መቆም ይገባናል። ዲሬክተር ከሰማይ አዛዥ ሆኖ አይወርድም። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ሥራውን በአራት ሲከፍለው ከአራቱ አንዱ አመራር ነው፤ የቀሩት መማር ማስተማሩ፣ ምቹ አካባቢና የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ናቸው። ክፍፍሉ መልካም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ነገር ቅጽ ሆኖ ሲመጣ ዲሬክተሩ የመምህራን ራስ መሆኑ ቀርቶ የወረቀት ግምጃ ቤት ይሆናል። ወደ ላይ ሲጠየቅ «አዎን ጌታዬ» ብቻ እንዲል የተደረገ ሰው፣ ወደ ታች ሲመለስ ሌላውን «አዎን» ቢያሰኝ ያስደንቃልን? በበላይ የታዘዘ በበታቹ ያዛል። ስለዚህ የዲሬክተሩን ስልት ለማሻሻል የሚፈልግ ሁሉ፣ ለየትኛው ዲሬክተር የምስጋና ደብዳቤ እንደሚጻፍ አስቀድሞ ይመርምር።

የሚቀርብብንን ተቃውሞም እናውቃለን። «የእኛ ሰው ያለ ዱላ አይሠራም፤ ምክክር ለሠለጠነ አገር ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህን የሚሉትን «ዱላው ለስንት ዓመት ተሞከረ? ያስገኘውስ ውጤት የት አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ደግሞም መመካከር ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ዕድርን የሚመራ ዳኛ ያለ አባላቱ ቃል ገንዘብ አያወጣም፤ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ያሉት አባቶቻችን ናቸው። በዕድር ያወቅነውን ነገር በትምህርት ቤት በር ላይ ጥለነው የምንገባው ለምንድን ነው?

እንግዲህ ከመካከላችን ወደ ትምህርት ቤት የምንሄደው ምን እናድርግ? እኛ አምስታችን በበኩላችን አራት ነገር ተማምነናል፤ ለእናንተም እናቀርበዋለን።

አንደኛ፤ መምህር ሆነን ሳለን በስብሰባ ላይ አንገታችንን አንደፋም። አዛዥ ዲሬክተር የሚሠራው በአዛዡ ብቻ አይደለም፤ ሻይ ቤት ገብቶ በሚናገር መምህርም ነው። በትሕትና ግን በግልጽ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎ እንዲቀር እንናገራለን።

ሁለተኛ፤ የክፍላችንን በር አንዘጋም። ባልደረባችን ገብቶ እንዲያየን እኛው እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፤ የዲሬክተርነት ደብዳቤ የደረሰው ማንኛችንም ብንሆን ጠመኔውን አይጥልም። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ ቍልፎቹንም ለሚሠሩባቸው ሰዎች ያካፍላል።

አራተኛ፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት የሚሆነውን ውሳኔ በደግነት ስም አናስተላልፍም። ያች ነጭ ገጽ ያላት ልጅ «ተነጋገሩና ጨርሱት» በሚል ቃል የምትቀር ከሆነ፣ ማዘዝ ግዴታችን ነው።

በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር፣ ተማሪዎች አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛት እየሄዱ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ያ አገልግሎት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነ። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ግን ስለ ትምህርት ቤት ሲከራከሩ ያዩትን ይዘው ነበር። እኛም የተማማልነውን ወደምንመደብበት ሁሉ ይዘን ሄደን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ዛሬው ተሰብስበን ያየነውን ብንነጋገር ምኞታችን ነው።

ንግግራችንን ከመጨረሳችን በፊት አንዲት ነገር ስለ ራሳችን ማኅበር እንበል፤ ክቡር ሊቀ መንበር እንደማይቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን። ባለፈው መንፈቅ ሊቀ መንበራችን ለፈተና ሲዘጋጁ ይህ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ ሳይወጣ ቀርቷል፤ የማባዣው ክፍል ቍልፍ ከእሳቸው ጋር ስለ ነበረ ነው። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም። ከእኛ አንዱም ቍልፉን ስጡን ብሎ አልጠየቀምና ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ዲሬክተሮችን ከመንቀፋችን በፊት ልንማር የምንችለው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ውይይቱ ሲከፈት የመጀመሪያው ሐሳብ የቍልፉ ጕዳይ ቢሆን እንወድዳለን።